ስለ እኔ የተከራከሩ ሰዎች

መሐል ሜዳ፣ ነሐሴ 2008 ዓ.ም.

ውድ ዶክተር ሱሚትራ፣

ይህን ደብዳቤ ዶክተር ታዲዮስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ህንድ አገር ድረስ ይልክልዎታል። «አታስረዝሚው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል» ብሎኛል። ያን ቀን በኮምፒውተር ስንተያይ ግን አንደበቴ ተሳስሮ ያልነገርኩዎት ብዙ ነው፤ እባክዎ ይታገሡኝ። ይዘንጋሽ ነኝ፤ ያቺ ደም ትተፋ የነበረችው የመንዝ ሴት።

ሕመሜን በፎቶ አዩት እንጂ እንዴት እንደ ጀመረኝ አልሰሙም። አምና ሰኔ ላይ ፅንስ አስወረደኝ። ሐምሌ ሲገባ አወቀ የተባለው ባለቤቴ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወረደ። ክረምቱ እንደ ወጣ ሳል ያዘኝ። ብርዱ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ከዚያ ደም መጣ። አንድ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ፣ ነው ብሎ መድኃኒት አስጀመረኝ። ብውጠው ብውጠው ባሰብኝ።

አወቀ ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ቆዳና አጥንት ሆኜ አገኘኝ። በበቅሎ አድርጎ መሐል ሜዳ ሆስፒታል አመጣኝ። ዶክተር ታዲዮስ ራጅ አስነሥቶ ቢያየው ሳንባዬን ክብ ክብ ነጭ ነገር ሞልቶታል። «ይህስ ቲቢ አይመስለኝም» አለና በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ከየአገሩ በኢንተርኔት ለሚመካከሩ የካንሰር ሐኪሞች ላከው። እርስዎ ወዲያው መለሱለት፦ «የእርግዝና ምርመራ አድርግላት።»

ምርመራው እርጉዝ ናት አለ።

ዶክተር፣ ባሌ ከቤት ከራቀ እኮ ወራት አልፎት ነበር! ፊቱ አመድ መሰለ።

«የማን ነው?» አለኝ።

«የማንም አይደለም! በእመቤቴ እምልልሃለሁ!»

አብረውን የመጡት አማቴ እማማ አልጣሽ «እኔስ ድሮም ዓይኗ አላማረኝም» ብለው ወጡ። ዶክተር ታዲዮስ «አትፍረዱባት፤ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል» ቢልም የሰማው የለም። እስከዚያች ሰዓት ሞትን ስፈራ ኖሬ፣ ያን ጊዜ ምነው በቶሎ በወሰደኝ አልኩ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡን። እርስዎ አሉ፤ ከናይሮቢ አንድ ሽማግሌ ሐኪም አሉ፤ ከአዲስ አበባ ዶክተር እፀገነት አለች። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ወዲያው ክርክር ጀመራችሁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እርስዎ እጅዎን ያነሣሉ።

«ምንድን ነው የሚሉት? አልቆልኛል?» አልኩት ዶክተር ታዲዮስን።

«እሳቸው ደክማለች፣ አንድ መድኃኒት ይብቃት ይላሉ። ዶክተር ሱሚትራ ደግሞ የለም፣ ቀላቅለን በቶሎ እንድረስላት ይላሉ። ትድናለች በሚለው ግን ሁሉም አንድ ናቸው።»

ስለ እኔ! የገዛ ዘመዶቼ አንድ ቃል ያልተሟገቱልኝን ሴት፣ አገራቸውን በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ሰዎች እንደ ርስት ተሟገቱላት። ሰማዩ ተከፍቶ ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ዶክተር ታዲዮስ ቤቴ የገባውን ጠብ ነገረዎት። ምስልዎ ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «ባለቤቷን አቅርበው» አሉ። አወቀ ቀረበ። ቀስ እያሉ፣ እያስተረጎሙ ተናገሩት፦

«ሚስትህ አልበደለችህም። ያ የወረደው ፅንስ በማኅፀኗ ጥቂት ነገር ትቶ ነበር። እሱ ነው ካንሰር ሆኖ ሳንባዋ የገባው። ምርመራው ያገኘውም እሱን ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም። ከእኛ በኩል መድኃኒት አለላት፤ አንተ ደግሞ ከጎኗ ቁም።»

አወቀ ተነሣ። ጋቢውን አደግድጎ፣ ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ሰው ለኮምፒውተሩ እጅ ነሣ። እንባው ይወርድ ነበር። እኔም አመሰግናለሁ ልል ስል መስመሩ እውነትም ተቋረጠ።

አዲስ አበባ ወረድን፤ ዶክተር እፀገነት እርስዎ እንዳሉት መድኃኒቱን ቀላቅላ በደም ሥሬ ሰጠችኝ። ፀጉሬ ረገፈ፣ የቀመስኩት ሁሉ ወጣ፤ አወቀ ሳህን ይዞ ከአልጋዬ ሥር አልተነሣም። የደሜን ውጤት በየጊዜው ለእርስዎና ለሽማግሌው እየላከች ታማክራችሁ ነበር። በመጨረሻ አዲሱን ራጅ ከፊተኛው ጎን አድርጋ አሳየችኝ። ያ ሁሉ ነጭ ነገር ፀሐይ እንዳገኘው ውርጭ ጠፍቷል።

ቤቴ ስገባ እማማ አልጣሽ እስከ በሩ መጥተው ጉልበቴ ላይ ወደቁ። አነሣኋቸው። ትናንት ሱፍ አብረን ስንፈትል «ያቺ ሐኪም ልጅ አላት? እናቷስ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ስላቸው «ይህን ያህል ሰው አድርጋሽ፣ እንዴት አትጠይቂም?» ብለው ተቆጡኝ።

እውነታቸውን ነው። እርስዎ የሆዴን ውስጥ ያውቃሉ፤ እኔ ደጅዎን አላውቅም። እስቲ ይጻፉልኝ፦ ልጅ አለዎት? እናትዎ በሕይወት አሉ? የሚያሳስብዎት ነገርስ አለ? ሲደክምዎት የሚሟገትልዎት ሰው አለ? ከሌለ ይንገሩኝ፤ መንዝ ውስጥ አንድ ቤት ሙሉ ሰው አለዎት።

አክባሪዎ፣
ይዘንጋሽ ዱባለ