የእትዬ ሴናይዳ ድምፅ ካርድ

ውድ ኔሬይዳ፣

ሞንቴቪዴዮ እንዴት ይዞሻል? እኔ እዚሁ ኩባ፣ ሂባራ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ፣ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ያፈንኩትን ልናዘዝልሽ ነው። ያኔ አንቺ ለዚያች አሮጌ ኮምፒውተር ስትሟገቺ፣ እኔ አለቃሽ እሷኑ ለመጣል የንብረት ማስወገጃ ቅጹን ፈርሜ መሳቢያዬ ውስጥ ደብቄ ነበር።

ነፃውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ አዲሱን ሊኑክስ፣ ስትጭኚባት ማሽኗ ተነሳች፤ ድምፅ ግን የለም። ድምፅ የሚያወጣላት ክፍል፣ የድምፅ ካርዷ፣ አርጅቷል፤ ሊኑክስን የሚሠሩት ሰዎችም “ተጠቃሚ የለውም” ብለው ለካርዱ የሚሰጡትን ድጋፍ ሊያቋርጡ ነበር። ዓይናቸውን ያጡት ጡረተኛዋ መምህር፣ እትዬ ሴናይዳ፣ ደግሞ በየጠዋቱ እየመጡ መጽሐፍ የሚያስነብቡት ይህችኑ ማሽን ነው። ሌላ ማሽን አልነበረንም።

“ለሊኑክስ ሠሪዎቹ ልጻፍላቸው” አልሽኝ።

“ለእነሱ? ሂባራን ማን ያውቃታልና!” ብዬ ሳቅሁብሽ።

“ለዛ አይደል የምነግራቸው!”

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔት ፍለጋ መናፈሻው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተሰጣሽ። እነሱ ማስተካከያ ይልካሉ፣ አንቺ በፍላሽ ይዘሽ እየሮጥሽ ትሞክሪያለሽ፣ መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ትጀምሪያለሽ። አንድ ቀን ማሽኗ እንደተረገጠች ድመት ስትጮህ “ድምፅ ድምፅ ነው!” ብለሽ ጨፈርሽ። እንዳንቺ ያለ ግትር አይቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደኮራሁብሽ ግን አለቅነቴ ይዞኝ አልነገርኩሽም። ወደ ሞንቴቪዴዮ ስትሄጂ ጥገናው ዋናው ሊኑክስ ውስጥ ይግባ አይግባ ገና መልስ አልመጣም ነበር። ካልገባ ቅጹን ላወጣው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አዲሱ የሊኑክስ እትም ደረሰን። ደብተርሽን እያየሁ ጫንኩት። ድምፅ አለ! እትዬ ሴናይዳ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ “እስቲ ምን አዲስ ነገር እንዳለው ራሷ ታንብብልኝ” አሉ። ማሽኗ የለውጡን ዝርዝር ስታነብ መሃል ላይ እንዲህ አለች፦ “ይህን የድምፅ ካርድ ልናስወጣው ነበር። ኩባ ውስጥ፣ ሂባራ፣ ሴናይዳ የሚባሉ መምህር መጽሐፍ ስለሚሰሙበት ይቆያል። የሞከረችልን ኔሬይዳ ናት።”

እትዬ ወደ ድምፁ ጠጋ አሉ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም፤ ቅጹን አውጥቼ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

“አንተ ከይሲ! ላንተ በኋላ እመለስልሃለሁ። አሁን ዝም በልና አስደግምልኝ።”

አምስት ጊዜ አስደገምኩላቸው። በስድስተኛው፣ ያንቺ ስም ላይ ሲደርስ አስቆሙኝ።

“ይቺን ልጅ አመስግነሃታል?”

አላመሰገንኩሽም ነበር። አመሰግንሻለሁ፣ ኔሬይዳ።

አለቃሽ የነበረው
ኤሊዬሰር