ሃያ ስምንተኛው ቆዳ

ባልደረቦቻቸው «እትዬ ቀስ» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው እባብ በካርቶን አድርገው አልጋ ሥር ይደብቁ ስለነበር፣ በ1972 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ተመርቀው የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራ ተቋም ሲቀጠሩ እናታችን አልተገረሙም። በ1975 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው በዓመቱ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ሥራቸው የሐሩር ደን እፉኝት መርዝ ማለብ ነበር። ይህች እባብ የደረቀ ቅጠል መስላ ትተኛለች እንጂ ሰው ሲመጣ አትሸሽም። እፉኝት የእናቷን ሆድ ቀድዳ ትወለዳለች የሚለውን ተረት እትዬ አይወዱትም ነበር፤ እናቲቱ ወልዳ በሰላም ስትኖር በዓይናቸው አይተዋልና።

በ1981 ዓ.ም. እትዬ አንዲት እርጉዝ እፉኝት «ወፍራም ወንድ» ብለው መዝግበው የአየር ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሳጥን ውስጥ አስገቧት። አንድ ጠዋት ክፍሉ ከስንዝር በሚበልጡ ግልገሎች ተሞልቶ ተገኘ። ግልገሎቹ ከተወለዱበት ቅጽበት ጀምሮ መርዘኛ ናቸው። ሃያ ሰባት ተለቀሙ። ግልገል እንደተወለደ ቆዳውን ስለሚለውጥ በተቋሙ ልማድ ቆዳም ይቆጠራል፤ ቆዳው ሃያ ስምንት ሆነ። ኃላፊው አንዱ ቆዳ ተቀዶ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆናል ብለው የተቆለፈው የክፍሉ በር እንዲከፈት አዘዙ። እትዬ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው የጭንቅላት ጭንቅላቱን ቆዳ ብቻ ለይተው ደግመው ቆጠሩ። ሃያ ስምንት።

ከክፍሉ ቀጥሎ የሠራተኞች ልጆች መዋያ ነበር። እትዬ ጉድጓድና ስንጥቅ መፈለጉን ትተው ቅጠል የሚመስል ነገር ፍለጋ ወደዚያ ሮጡ። በሩ ላይ ቡናማ ዝንጉርጉር የእግር መጥረጊያ ተነጥፏል፤ የአምስት ዓመት ልጃቸው እዚያ ቆማ አንድ እግሯን አንስታለች።

«ልጄ፣ እግርሽን እንዳታወርጂ» አሏት።

ልጅቱ በአንድ እግሯ ቆመች። ስትንገዳገድ እትዬ እጃቸውን ከእግሯ ሥር ሰደዱ፤ መጥረጊያው ላይ የተኛው የሃያ ስምንተኛው ግልገል ጥርስም ያረፈው በእሳቸው አውራ ጣት ላይ ነው። በእጃቸው ካለቡት መርዝ የተሠራው ማርከሻ ነፍሳቸውን አተረፈ፤ ጣታቸው ግን ተቆረጠ። ኃላፊው ድንገተኛ አደጋ ብለው ሊያልፉት ሲሉ፣ እትዬ ግን እርጉዟን ወንድ ብለው የመዘገቡት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን በሪፖርቱ አስጻፉ። በዚህም የሥራ መደባቸውን አጡ። እኛ ጀግና ስንላቸው ያኮርፉን ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመት በዚያው ተቋም አዲስ ሠራተኞችን የእፉኝት ወንድ ከሴት መለየት አስተማሩ። በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ሲያዝዙኝ «ስህተቴን ዘልለሽ ጀብዱዬን ብቻ ብታነቢ እቀየምሻለሁ» ብለውኝ ነበር። መጀመሪያ ስጽፈው አንጀቴ አልችል ብሎ ስህተታቸውን ዘለልኩት። መልሳ ያስገባችው ያቺ በአንድ እግሯ የቆመችው ልጃቸው ናት።

ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ፤ ለእኛም እውነት የመናገር አቅሙን ይስጠን።