የይርጋ ሰኞ

እሑድ

ጻፊ፣ ልጄ። እዚህ አገር የሥራ ሳምንት በእሑድ ይጀምራል፤ ዛሬም አውቶቡሱ አልመጣም።

ዝናቡ ሐሙስ የጀመረ ነው። ነፋሱ ከባሕር በኩል እየገፋ ያመጣዋል፤ ከላይ አይወርድም፣ በጎን ነው የሚመታ። በእኛ አገር ጥር ፀሐይ ነው፣ እህል ይወቃል። እዚህ ጥር ክረምት ነው። ከመጣሁ አራት ዓመቴ፣ ገላዬ አሁንም አልተቀበለውም።

ማቆሚያው ላይ ስድስት ሰዎች ነበርን። አንዲት ሩሲያዊት ሰዓቷን አየችና ተመለሰች። ሌሎቹም ተከታትለው ሄዱ። እኔ እግሬን በፌስታል ጠቅልዬ ጫማዬን አደረግሁና በእግሬ ነካሁት። ከሰፈራችን ከሺኩን ቫቲኪም እስከምሠራበት ፋብሪካ ሩቅ አይደለም። ለፈረንጅ ሩቅ ነው። ድልድዩ ሥር ውሃው እስከ ጉልበቴ መጣ። መሀሉ ላይ አንድ መኪና ቆሟል፤ ሰው የለበትም፣ መብራቱ ግን ይበራል።

የምንሠራው ካርቶን ነው። ማሽኑ ይቆርጣል፣ እኛ ደርድረን እናስራለን። ከአርባ ሰው አሥራ አንድ መጣን። አለቃችን ሞሪስ ሲያየኝ «ሳባ፣ ዋኝተህ ነው የመጣኸው?» አለኝ። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። አያቱ አይደለሁም። ግን ክፉ ሰው አይደለም፣ ደረቅ ካልሲ ሰጠኝ።

ምሳ ላይ ሞሪስ ከቢሮ የመጣ ማስታወቂያ ለጠፈ። አነበበልን። በዝናቡ የቀረ ሰው ቀኑ ይቆረጥበታል። ሦስት ቀን የቀረ ይሰናበታል። አውቶቡስ አልመጣም ማለት ምክንያት አይሆንም።

ሁሉም አጉረመረመ። እኔ ያሰብኩት ይርጋን ነው። ይርጋ ጎረቤቴ ነው፣ ካርቶኑንም አብረን ነው የምናስር። አምስት ልጆች አሉት። ቤቱ ከደረጃው ሥር ነው፣ ምድር ላይ። ዓርብ ቀረ። ዛሬም ቀረ። ሁለት ሆነ።

ስመለስ ወደ ቤቱ ጎራ አልኩ። ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለውታል። ልጆቹ ቆጥ ላይ እንደ ወጣ ዶሮ አልጋ ላይ ተደርድረዋል። እሱና ሚስቱ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፋሉ፤ ደጁ መልሶ ያስገባዋል። ማስታወቂያውን ነገርኩት። ባልዲውን አስቀመጠ።

«አያ ታከለ፣ ነገ ብሄድ ቤቱ ይሄዳል። ብቀር ሥራው ይሄዳል። የትኛው ይሂድ ይላሉ?»

«አንዱም አይሄድም። ነገ ወንፈል እገባልሃለሁ።»

«ለፋብሪካ ወንፈል?»

«ሥራ ሥራ ነው። ውሃህን ቅዳ።»

ዘውዲቱ፣ ወንፈል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ጻፊለት። ሰው ታሞ ወይም ቤቱ ፈርሶበት ማረስ ሲያቅተው፣ ጎረቤቱ ገብቶ ያርስለታል። ያ ቀን የባለእርሻው ነው። ታከለ አረሰ አይባልም፤ የይርጋ እርሻ ታረሰ ነው የሚባል። ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ገብቶ ይመልሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልጄ ዘውዲቱ ከሥራዋ ስትመለስ ነው የምትጽፍልኝ። የሰው ሽማግሌ ታጥባለች፣ ከዚያ መጥታ የራሷን ትሰማለች። ባለፈው ክረምት ሠርቼ ሳለ አልሠራህም አሉኝ። አፌን ያመነ የለም። ከዚያ ወዲህ ዕለት ዕለቱን አስጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ትናንት ሳልናገር ተኛሁ። አሁን ልንገርሽ።

ሰኞ ዝናቡ እንደዚያው ነበር። በእግሬ ሄድኩ። ካርዴን ከመደርደሪያው አውጥቼ መግቢያና መውጫ የሚመዘግበው ሰዓት ውስጥ ከተትኩ፣ መታልኝ። የራሴን እስከ ማምሻው ሠራሁ። ከዚያ የራሴን ካርድ አስመትቼ ወጣሁ፣ የይርጋን አስመትቼ ገባሁ። የይርጋ ካርድ ከእኔ በታች ነው ያለ፣ ጥጉን ዘይት ነክቶታል። እሱን ለመለየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም።

የማታው ፈረቃ አለቃ አዲስ ሰው ነው። ሰው ጎድሎበት ነበርና ስገባለት ደስ አለው። ካርዱን አየና «ይርጋ» ብሎ ጠራኝ። አቤት አልኩ። ማታውን ሙሉ ይርጋ ሲል አቤት ስል አመሸን። ለሱ ሁላችንም አንድ ፊት ነን። እኔም ላርመው አልፈለግሁም፤ እጁ የእኔ ይሁን እንጂ ሠራተኛው ይርጋ ነው።

ሌላውን ስምንት ሰዓት እንዲህ ሠራሁ። ለእንጀራ እረፍት አልተቀመጥኩም፣ የተቀመጠ እንደማይነሣ አውቃለሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። ቋጠሮው መጥበቁን በዓይኔ እያየሁ ነው ያሰርኩ። የይርጋን ድርሻ ሞላሁ፣ ከዚያም አንድ ረድፍ ጨመርኩ። የሰው ቀን ሲሠሩ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ወጉ ነው።

አልደከመኝም ብለሽ ጻፊ አልኳት። «ውሸት አልጽፍም፣ አባ። ትናንት ጫማዎን እኔ ነኝ ያወለቅሁልዎ» አለችኝ። እሺ። ደክሞኛል።

አሁን ልሄድ ነው። ዛሬ አውቶቡስ አለ ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

አባረሩኝ። ቆይ፣ ሰርዢው። ገና አላባረሩኝም። ሐሙስ ሺሙዓ አለብህ ብለውኛል፤ ከማባረራቸው በፊት አፍህን እንሰማለን ማለት ነው። እስከዚያ ቤትህ ዋል አሉኝ።

ይርጋ ዛሬ መጣ። ዝናቡ አባርቶ ውሃው ከቤቱ ወጥቶለታል። ሞሪስ ካርዱን አየና «ትናንት ማታ መጥተህ ነበር? በዚያ ውሃ በምን መጣህ?» አለው።

ይርጋ ሰው ሁሉ ባለበት፣ የቢሮዋ ጸሐፊም በቆመችበት፣ «እኔ አልመጣሁም። አያ ታከለ ሠራልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝመው» አለ። ጉልበቴን ሊስምም ጎንበስ አለ።

የሞሪስ ፊት ተለወጠ። «ዝም በል» አለው ቀስ ብሎ። ይርጋ ሰውየው ያልሰማ መሰለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመለት።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ሲመሰግነኝ ደስ ይለኛል።

ሞሪስ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ሳባ፣ የሰው ካርድ መትተሃል?»

«መትቻለሁ።»

«ይህ እኮ ስርቆት ነው።»

«ካርቶኑን ቁጠር። ከጎደለ እጄን ቁረጥ።»

አልቆጠረም። ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ለእኔ ብቻ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ። የሠራሁትን የምደብቀው ለምንድን ነው? የሚደበቅ ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ

ቤት ዋልኩ። ፀሐይ ወጥታለች። በሥራ ቀን ቤት ስውል የመጀመሪያዬ ነው፣ የት እንደሚቀመጡ እንኳ አላወቅሁም።

ሰገነቱ ላይ ቆሜ ሳለ የላይኛዋ ጎረቤት አየችኝ። «አመምዎ?» አለች። «አላመመኝም። ተቀጥቼ ነው» አልኳት።

ይርጋ ሥራ ነው። ሚስቱ ፍራሹን ወደ ፀሐይ ልታወጣ ስትታገል አግኝቼ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። አለቀሰች። «በእኛ ምክንያት ነው» አለች። ያዢ፣ ይወድቃል አልኳት።

እኔ ልቅሶ አልመጣብኝም። ቁጣም አልመጣብኝም። ዘውዲቱ ምን ይሰማዎታል ብላ ጠየቀችኝ። ምንም። ከሩቅ የሰው ወሬ እንደምሰማ ነው።

«አባ፣ እዚህ አገር ካርዱ ነው ሰውዬው» አለችኝ። እሷ ገብቷታል። ለእኔ ካርድ ካርድ ነው።

ሐሙስ

ሺሙዓው ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ልጅ እግር ነው፣ ጠረጴዛው ሰፊ ነው። ሞሪስ ነበር። ከሠራተኛ ኮሚቴው ኤስቴር የምትባል ሮማንያዊት ሴትዮ ነበረች። ዘውዲቱ ታስተረጉም ነበር።

«ሰኞ ማታ የሠራው ማነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እጁ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን የይርጋን ካርድ መታህ?»

«ቀኑ የይርጋ ስለሆነ።»

ዘውዲቱ ስለ ወንፈል ነገረችው፣ ረጅም አድርጋ። ሰማ። አላቋረጣትም። ከዚያ እንዲህ አለኝ። «ማታ ማሽኑ እጅህን ቢቆርጠው ኖሮ ማን ነው የተጎዳው? በወረቀቱ ይርጋ ነው። አንተ ቤትህ ገብተሃል። ሐኪም ቤት ማን ብለን እንወስድህ? ኢንሹራንሱ ማንን ያክም?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በእኛ አገር በሬ ቢወጋኝ የተወጋሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አይጠይቅም። ሰውየው ያለው እውነት ነው፤ ጻፊው፣ እውነት ነው።

ከዚያ ወረቀት አወጣ። ዘውዲቱ አነበበችው። ራማኡት ፈጽሜያለሁ ይላል። ማጭበርበር ማለት ነው። ከፈረምኩ በማስጠንቀቂያ እመለሳለሁ፤ የይርጋም ሰኞ በውሃው ምክንያት እንደ ፈቃድ ይያዝለታል። ካልፈረምኩ ሁለታችንም እንሄዳለን። ያቺ ማታ ለማንም አትከፈልም።

«አላጭበረበርኩም» አልኩት።

«በወረቀት አነጋገር…»

«በማንም አነጋገር።»

አባቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። ብዙ ነገር ብለውታል፣ ብዙ ስም አውጥተውለታል። አጭበረበረ ያለው ግን የለም። በዚህ ጣት ያንን ቃል አልነካም አልኩ። ዘውዲቱ ሁሉንም አላስተረጎመችም መሰለኝ፣ አጭር ነበር ያለችው።

እስከ እሑድ አስብበት ተባልኩ። ኤስቴር ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ ቃሉን ለማስቀየር እሞክራለሁ አለች። ቃል አልሰጠችም።

ዓርብ

ይርጋ ከሥራ ቀጥታ መጣ። ሻይ ቀርቦለት አልነካውም።

«አያ ታከለ፣ እኔ ለምኜው ነው እላለሁ። ካርዴን ምታልኝ ብዬዋለሁ እላለሁ። ጥፋቱ ወደ እኔ ይዙር።»

«አልለመንከኝም።»

«ብል ምን አለ?»

«ውሸት ነዋ። አንድ እውነት ተናግረህ እዚህ አድርሰኸናል፤ አሁን ደግሞ በውሸት ልታወጣን ነው?»

ሳቀ፣ እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ይፈርሙልኝ አላለኝም። አንድ ጊዜ እንኳ አላለም። ቢለኝ ይቀል ነበር፣ እቆጣው ነበር። ብርጭቆውን ብቻ ያያል። አምስት ልጆች አሉት። ታናሿ ገና ጡት አልጣለችም።

ሲወጣ «ሰንበት ሰላም» አለኝ። «ሰላም» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ጸሎት ቤት ሁሉም ሰምቷል። ደጁ ላይ አንዱ «ታከለ፣ ፋብሪካ ማረስ ጀመርክ አሉ» አለኝ። ሳቁ። ሰውየው በዝናቡ ሳምንት ከቤቱ አልወጣም ነበር። «አንተን ያስቀመጠህ ዝናብ እኔን አላስቀመጠኝም» አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ያ ነው የዛሬ ድሌ። ሌላ የለም።

ሰንበቱን ሙሉ ሁለት ነገር ሳመዛዝን ዋልኩ። አንድ ቃል ነው። የይርጋ ቤት ሰባት ነፍስ ነው። ይህ ለመመዘን አይከብድም፤ እኔ ግን ከበደኝ። ለዘውዲቱ «አልፈርምም» አልኳት። ወደ ምግብ ማብሰያው ገባች። ሳህን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ «ይርጋስ?» አለች ከዚያው ሆና።

እሑድ

አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ። ዘውዲቱ ከሥራዋ አስፈቅዳ አብራኝ ሄደች። መንገዱ ላይ የአሸዋ ክምር ብቻ ቀርቷል።

ኤስቴር በሩ ላይ ጠበቀችን። ዘውዲቱን ወደ ጎን ወሰደቻት። ፈጠን ፈጠን አድርገው ተነጋገሩ፣ አልያዝኩትም። ልጄ ስትመለስ ፊቷን አየሁት፤ ምንም አልነበረበትም።

ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንብቢልኝ አልኳት።

«ሰኞ ማታ ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው ካርድ ሠርቻለሁ፣ ደግሜ አላደርገውም ይላል» አለች።

«ማጭበርበር የሚለውስ?»

«ወጥቷል፣ አባ።»

«እንደገና አንብቢ።»

እንደገና አነበበች። አንድ ቃል አልቀየረችም። ወረቀቱ ስድስት ሰባት መስመር ነው፤ ያነበበችው አጭር ነው። ጣቷም በመስመሩ ላይ አልሄደም። ይህን አይቻለሁ።

ሞሪስ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የሱን ዕብራይስጥ እሰማለሁ። አንብብልኝ ብለው ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር፣ ራማኡት የሚለው ቃል ካለበት አውቀው ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ መስኮቱን ያያል። አንብብልኝ አላልኩትም።

ያለ ፈቃድ ማለት እውነት ነው። ፈቃድ አልጠየቅሁም። ለዚህ መፈረም እችላለሁ። አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ አድርጌ ተጫንኩ።

ሥራ ገባሁ። የራሴን ካርድ መታሁ። ይርጋ ፊት ለፊቴ ቆሞ ገመዱን ወረወረልኝ፣ ያዝኩ። ምሳ ላይ ነው የተናገረ። «ምን ብለው አስፈረሙዎ?»

«እውነቱን» አልኩት።

አሁን ማታ ነው፣ ዘውዲቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትጽፋለች። «ልጄ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፣ ሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር፣ ያ ቃል የለበትም፤ ይህንን ጻፊ» አልኳት። ብዕሩ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም አላየኋትም። ቆይቶ ብዕሩ ሄደ።

«ጻፍሽ?» አልኳት።

«ጻፍኩ» አለች።