የኋሊት እየሄድን

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2021

ውድ እታለም ሳው ዪንግ፣

ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የአሜሪካ ቪዛው ወጣልኝ ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አሥራ አራት ዓመት ጠብቀሽ ጠብቀሽ፣ እንዲህ ባለው ጊዜ መምጣቱ ይገርማል። “ቤቱን ሸጬ ልምጣ ወይ?” ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ጨንቆኝ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ ከረምኩ።

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሺንግ ያው የምታውቂው ነው፤ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶትም ችክ እንዳለ ነው። ጠዋት ጠዋት መናፈሻው ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር የኋሊት ይራመዳል፤ ለጉልበት ፍቱን ነው ይላሉ። ድሮ ሃያ ነበሩ፣ አሁን ስድስት ቀርተዋል። ኮሮናን ያመጣችሁት እናንተ ቻይናዎች ናችሁ እየተባልን ስንሰደብ፣ የሰፈራችን ሰው መውጣት ፈራ። ባለፈው ወር ጎረቤታችንን ወይዘሮ ላውን አንዱ ከኋላ ገፍትሮ ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ፖሊስ የሰውየውን መልክ ሲጠይቃቸው፣ ከኋላዬ ነበር፣ ምኑን አየሁት አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሺንግ መንገድ ላይም የኋሊት መሄድ ጀመረ። እኔ ክንዱን ይዤ የፊቱን አያለሁ፣ እሱ የኋሊት እየተራመደ ከኋላ የሚመጣውን ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ፍርስ እንል ነበር። “ሴትዮ፣ ገደል እንዳትከቺኝ” ይለኛል።

ትናንት ወደ ቤት ስንመለስ ኮፍያ ያጠለቀ አንድ ሰውዬ ከፊቴ መጣና እሱም የኋሊት መራመድ ጀመረ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ በእርምጃችን ልክ፣ ፈገግ እያለ። የሺንግን ክንድ ጠበቅ አደረግኩ። ሰውየው በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ። የእኛ መሆኑን ያውቃል። የቤቱ ጌታ ይመስል ጎንበስ ብሎ በእጁ ግቡ አለኝና ሄደ።

“ክንዴን ምነው እንዲህ ጨመቅሽው?” አለኝ ሺንግ።

በርዶኝ ነው አልኩት። ዛሬ ደግሞ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ዋሽቼ አስቀረሁት። ነገ ምን እንደምለው እንጃ።

እሱማ ትምጣ በያት፣ ሦስት ብንሆን አንዷ ጎን ጎኑን ታያለች ይላል። እታለም፣ ፈርቻለሁ። ቤቱን አትሽጪው። የእናታችንን ክፍል አስጠርጊና ለሁለት ሰው አንጥፊ። ወደ አገር ቤት እንመለስ ብዬ እሱን እንዴት እንደማሳምነው ገና አላወቅኩም፤ ስትደውዪ እንዳታነሺበት።

የሚመጣው ሳምንት የሚገባው አዲሱ የጨረቃ ዓመታችን ጤናሽን ያብዛልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽሽ፣
ዩዬት ፎንግ