ጥቁሩ ቀሚስ በማይታየው ብርሃን

መጋቢት 2

ሪሞቱ እንቢ አለ። እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥኑን እንደተቀየመችው ሰው ታየዋለች። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ጭኗ ላይ ደግሞ የትንሿ እህቴ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ። እጅጌውን በመርፌ ትጠቅማለች።

"ባትሪው ነው ወይስ እሱ ራሱ?" አለችኝ።

ጋሼ ፍላሽ ያሳየኝ ዘዴ ትዝ አለኝ። የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ከእሱ መሳቢያ ለምኜ ያመጣኋትን አሮጌ ዲጂታል ካሜራ አወጣሁ። የሪሞቱን አፍ ወደ ሌንሷ አዙሬ ተጫንኩ። በዓይን ምንም የለም። ስክሪኗ ላይ ግን ብልጭ፣ ብልጭ... ሐምራዊ መብራት። ሪሞቱ ደህና ነው። ያኮረፈው ቴሌቪዥኑ ነው።

"ዓይን የማያየውን ታያለች እንዴ?" አለች እማዬ። "እንግዲያው እሷ ባለችበት ሰው አላማም።"

ሳቀች። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሳቋ እንደ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ብዙ አይቆይም።

መጋቢት 4

ትንሿ አለቀሰች። ሰርጓ ሚያዝያ ላይ ነው። እማዬ ቀሚሱን ትሰፋለች፣ ሰርጉ ላይ ግን አትገኝም። ቁርጥ ያለ ነገር።

"ጥቁር ለብሼ ሙሽራ አጠገብ አልቆምም። ፎቶዋ ላይ ዕድሜ ልኳን እንደ ጥላሸት ልታይ?"

"እሺ አውልቂዋ!"

"አባታችሁ ሳያያት እኔ ደምቄ ልቁም? አላደርገውም።"

"በጥቁርሽ ነይ፣ በማቅም ነይ፣ ብቻ ነይልኝ" አለቻት ትንሿ። እማዬ አጎንብሳ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ መሃል ሆኜ ምን ልበል? አባዬ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እማዬ ድሮ ምን ዓይነት ቀለም ትለብስ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ... አረንጓዴ ነበር? አቃተኝ። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

መጋቢት 7

ዛሬ ፎቶ ቤት ጭር ብሎ ዋለ። የመጣው አንድ የፓስፖርት ፎቶ፣ እሱም በፍላሽ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን ሰውዬ። ጋሼ ፍላሽን ስለ ሪሞቱ ብርሃን ጠየቅኩት።

"ኢንፍራሬድ ነው። ከቀዩ ማዶ ያለ ብርሃን። ፀሐይ ሞልቷት ትረጨዋለች፣ እኛ አናየውም። ካሜራ ግን ማየት ይችላል። ፎቶ እንዳያበላሽ ብለው ነው ውስጡ መስታወት የሚጋርዱበት። የድሮዎቹ መስታወት ሰነፍ ነው፣ ያሾልካል።"

"በዚያ ብርሃን ብቻ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?"

"የሚታየውን ካገድሽው።" መሳቢያውን በርብሮ ከታጠበ የቀለም ፊልም ጫፍ ሁለት ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ። ብርሃን ነክቶት ስለታጠበ የጠቆረው ጫፍ፣ ድሮ የምንጥለው። "የሚታየውን ይጋርዳል፣ ያኛውን ያሳልፋል። ሁለቱን ደርቢና ሌንሷ ላይ ለጥፊው። ከዚያ ትዕግሥት። ያ እንኳን የለሽም።"

መጋቢት 8

ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር። አንዷ ደግሞ ጭቃ። በእጄ ይዤ ነው ለካ! ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ካሜራዋ ዓይኗን ገልጣ ብዙ መቆየት አለባት። እኔ ደግሞ እጄ የማይንቀጠቀጥ መስሎኝ።

መጋቢት 9

ትሪፖድ ይዤ ግቢያችን ያለውን ዛፍ አነሳሁ። ካሜራዋን ጥቁርና ነጭ ላይ አድርጌ፣ አሥር ሴኮንድ... ወጣ! ቅጠሉ ነጭ። ሳሩ ነጭ። ሰማዩ ሊጠቁር ምንም አልቀረው። በየሳምንቱ የልብስ ገመድ የማስርበት ዛፍ እኮ ነው! ጋሼ ፍላሽ ጋ ደወልኩ። "ቅጠል ያንን ብርሃን አይጠጣውም፣ መልሶ ይተፋዋል" አለኝ። "አሁን ስልኩን ዝጊ፣ ቀኑ እሑድ ነው።"

ስንት ጊዜ አየሁት... ልጅ ሆኛለሁ።

መጋቢት 12

እማዬን አነሳኋት። ዛፉ ሥር በርጩማዋ ላይ ሆና የሙሽራዋን ቀሚስ ቁልፍ ስትተክል።

"አትንቀሳቀሺ እሺ?"

"ልብስ ሰፊ መች ይንቀሳቀሳል? እጁ ነው እንጂ።"

እውነቷን ነው። ፎቶው ላይ እጇ የለም፤ ጭጋግ ሆኗል። ፊቷ ግን እንዴት እንዳማረ! ቆዳዋ ልስልስ ያለ፣ ዓይኖቿ ጥቁር። ቀሚሷ ግን... አመድማ። ሻርፗ ደግሞ ወተት። አባዬን የቀበረች ዕለት የደረበችው ጥቁሩ ሻርፕ።

የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። አልተበላሸም። ምን ብዬ ላሳያት?

መጋቢት 13

አሳየኋት። ምነው ባላሳየኋት።

"ማን ፈቀደልሽ?" አለች። "በኮምፒውተር ነጭ አለበስሽኝ? ሐዘኔን አጥበሽ አሰጣሽው?"

"አንቺን ይንሳኝ እማዬ፣ አልነካሁትም!"

"ታናሽሽ በለቅሶ አልሆን ሲላት አንቺ በፎቶ መጣሽብኝ።"

ገብታ በሯን ዘጋች። ከፋኝ። እኔ ምን አደረግኩ ልል ነበር... ግን ያንን ሻርፕ ነጭ ሆኖ ስታይ ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ አይቻለሁ። አስከፍቻታለሁ።

መጋቢት 14

አኩርፋለች። ምሳዬን አቅርባልኛለች፣ ስሜን ግን አትጠራም።

መጋቢት 16

ጠዋት በሬን አንኳኳች። በእጇ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላው ፌስታል። ሁሉም ጥቁር።

"ነይ ውጪ። ፊት ለፊቴ አንሺ። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ።"

አግዳሚው ወንበር ላይ ደረደረቻቸው። ሱፍ፣ ሳቲን፣ ጥጥ፣ ፖሊስተር... እያንዳንዱን በጣቷ እያሸች ስሙን ትጠራለች። ለእኔ ሁሉም ያው ጥቁር ነው። ፊልሙን በፀሐይ አገላብጣ አይታ ራሷ ሌንሱ ላይ ለጠፈችው። ቁልፉን ራሷ ተጫነች። ትንፋሿንም ያዘች፤ የሚነሳው ጨርቅ ነው እኮ! ልስቅ ስል ፊቷን አይቼ ተውኩት።

ስክሪኑ ላይ ወጣ። አንዱ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። አንዱ አመድ መስሏል። ጫፍ ላይ ያለው ግን ነጭ... የትንሿን ቀሚስ የሚያህል ነጭ።

"እንዴ!" አለች። "እነዚህን ሁሉ እኮ ጥቁር ነው ብዬ ነው ለሰው የሰፋሁት!"

"ጥቁር ናቸው እማዬ። ማቅለሚያው ነው። አንዳንዱ ያንን ብርሃን አይውጠውም፣ ይመልሰዋል።"

"አላታለልሽኝማ።"

"አላታለልኩሽም።"

ነጭ የወጣውን ቁራጭ አነሳችው። ወደ ፀሐይ አደረገችው፣ በጀርባው አየችው። ጥቁር ነው። ከዚያ አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው።

"ግቢና ቁርስሽን ብዪ" አለችኝ። ታረቅን ማለት ነው።

መጋቢት 24

በር ዘግታ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ከሥራ ስገባም ይጮሃል፣ ስወጣም ይጮሃል።

"የሙሽራዋ ቀሚስ አላለቀም እንዴ?"

"አታድርቂኝ።"

አልቋል። ትንሿ ባለፈው ለክታው ንግሥት መስላ ነበር። ስለ ሰርጉ ግን አንድም ቃል የለም። ልጠይቃት እፈልግና እፈራለሁ። ትንሿ ትደውልና "አሁንስ ምን አለች?" ትላለች። ምን እላታለሁ?

ሚያዝያ 4

ሰርጉ ነገ ነው። እራት ላይ ድንገት "ያ ካሜራሽ ፀሐይ ከሌለ አይሠራም?" አለችኝ።

"ይከብደዋል።"

"እህም።"

በቃ። እህም። እህም ማለት ትመጣለች ማለት ነው? ምን ዓይነት ሴት ናት!

ሚያዝያ 6

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እግሬ!

ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበር። ትንሿ ኩል ተኩላ፣ ተቆነጃጅታ መስታወት ፊት ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ግን በሩን በሩን ያያል። እማዬ ክፍሏ ውስጥ ናት። ሚዜዎቹ ይንሾካሾካሉ። ሄጄ ላንኳኳ ስነሳ በሩ ተከፈተ።

ጥቁር ለብሳለች። አዲስ ጥቁር። ወገቡ ሰብሰብ ያለ፣ እጅጌው ልክ እንደ ሙሽራዋ ቀሚስ የታጠፈ። አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ "አይ እህቴ... ለዛሬ እንኳን?" እኔ ግን ጨርቁ የቱ እንደሆነ ገባኝ። ጫፍ ላይ የነበረው! ነጭ የወጣችው ቁራጭ!

"እማዬ..."

"ዝም በይ" አለችኝ በጆሮዬ። "ካሜራሽን ያዢ።"

ትንሿ ምንም አታውቅም። ጥቁሩንም ያየችው አይመስለኝም። እናቷን ነው ያየችው። አንገቷ ላይ ተጠምጥማ የተኳለችውን ሁሉ አበላሸችው። ሚዜዎቹ እንደገና ይኩሏት ጀመር።

ሙሽራው ሲመጣ ደመናው ገለጥ አለ። ሮጬ ዛፉ ሥር አቆምኳቸው። "አሥር ሴኮንድ! ማንም እንዳይነቃነቅ!" ብዬ እንደ ጋሼ ፍላሽ ጮህኩ። ማን ይሰማል? ሙሽራው ሳቀ፣ ዘመዱ ተገፋፋ፣ አክስቴ ፀጉሯን አስተካከለች። እማዬ የትንሿን እጅ ይዛ ፍንክች አላለችም። ትንሿንም በእጇ ጭብጥ አድርጋ አቆመቻት።

ሚያዝያ 9

ፎቶውን በትልቁ አሳተምኩት። ጋሼ ፍላሽ አየውና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር።

ዛፉ ነጭ። የተንቀሳቀሰው ሁሉ ጭጋግ፤ ሙሽራው ራሱ ግማሽ ሰው ሆኗል፣ ሲያይ እንዳይከፋው። መሃል ላይ ሁለት ሴቶች፣ ጥርት ብለው፣ ሁለቱም ነጭ ለብሰው። ራሷ ላይ ያለው ዓይነ ርግብ ባይኖር ሙሽራዋ የቷ እንደሆነች ግራ ያጋባል።

እማዬ መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። በጣቷ ፎቶው ላይ ያለውን ቀሚሷን ዳሰሰችው፣ ጨርቅ እንደምትዳስሰው።

"ለእሱ ጥቁር ለበስኩ" አለች። "ለእሷ ደግሞ ነጭ። አንዳቸውም አይቀየሙኝም።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ቀለል የሚል ለቅሶ አለ ለካ። ትልቁን ሚስማር ፈልጊ አለችኝና ከአባዬ ፎቶ ጎን ሰቀልነው።

ሚያዝያ 21

ከሥራ ስገባ በሯ ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተዘርግቶ በጠመኔ ተሰምሯል። ውሃ ሰማያዊ።

"የማን ትዕዛዝ ነው?"

"የማንም።" ስፒሉን በከንፈሯ ይዛለች።

ልኩን አየሁት። ትከሻው፣ ወገቡ... የእሷ ነው። ልጮህ ነበር፣ ግን እንዳላስደነግጣት ብዬ እንዲሁ ነካካኋት።

"ይሄስ በዚያ ካሜራ ምን ሆኖ ይወጣ ይሆን?"

ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ሰማያዊው ላይ ሰካችው።

"እኔ ምን አውቅልሽ" አለች ዓይኗን በጣቷ እያመለከተች። "ለዚህኛው ዓይን ይበቃዋል።"