ክንፉ ላይ የተውኩት ወስፌ

ወረታ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ዛሬ መሳቅ አቃተኝ። ክረምቱን ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲጠጣ የከረመው የአንበጣ መድኃኒት መርጫ አሮጌ አውሮፕላን ነገ ይነሣል፤ መካኒኩ ጋሽ ደምሴም አብረው ይበራሉ። ክንፉን ስወለውል፣ እናቴ ገበያ ማሰሮ ስትመርጥ እንደምታደርገው በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁት። ከሥሩ ዘንድ እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ድምፁ ሞተ። ቀለሙን ስፍቀው ነጭ ዱቄት ረገፈ።

"ጋሼ፣ ክንፉን ውስጥ ውስጡን ዝገት በልቶታል" አልኳቸው።

"እንቁራሪቷ ወለደች?" አሉኝ። ባለፈው ሳምንት እንቁራሪት ክንፉ ውስጥ ከትቼ "አውሮፕላኑ ያቃስታል" ብዬ አስሩጫቸዋለሁና።

"የዛሬው እውነት ነው፤ ቁሐር ሚካኤልን።"

"ያን ጊዜም በእሱ ነው የማልከው። ሂድ ወደዚያ፣ ቀልማዳ።"

ሲሄዱልኝ የእናቴን የስፌት ወስፌ አምጥቼ ወጋሁት። ቆርቆሮውን እንደ ዳቦ አለፈው። እስከ እጀታው ሰክቼ፣ ቀይ ጨርቅ አስሬበት መጣሁ። እየተቆጡ ሲነቅሉት ቆርቆሮው አብሮ ይመጣል፤ ያን ጊዜ እንደ ፈለጉ ይምቱኝ። ብቻ በማለዳው ጉም ሳያዩት ቢነሡስ?