ሟቹ የዘፈነበት ሠርግ

ይድረስ ለልጄ ለስንዱ። እመብርሃን በሰው አገር ጥላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ገባ።

እሑድ ከጎረቤታችን ከአማረ ልጅ ሠርግ እህል ሳልቀምስ ተመለስኩ። ዳግም የሚባለው የሠርግ አዘጋጅ ዘፋኟን ማንአለሽን አሰናብቶ፣ አምና የቀበርነውን አማረን ኤአይ በሚሉት ማሽን አዘፈነው። ድምፁ ቁርጥ የራሱ! ሙሽራዪቱ ልጁ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ሰዉ ያጨበጭባል። ተነሥቼ ወደ ዳግም ሄድኩ።

«ሬሳ ታዘፍናለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እማማ፣ ዛሬ ያለዚህ ሥራ የለም» አለኝ።

አንቺም በሆቴላችሁ መዝናኛ ክፍል ይህንኑ እንድትማሪ መታዘዝሽን ነግረሽኛል። ተማሪው፤ እንጀራሽ ነው። ሙት አዘፍኚ ቢሉሽ ግን እሺ እንዳትይ። የአባትሽን ነፍስ ይማርና፣ ድምፁ በስልክሽ እንዳለ አውቃለሁ፤ አደራ፣ ለማንም እንዳትሰጪ።

የማርያም ልጅ ሞገስ ይሁንሽ።

እናትሽ አሰለፈች፣ ከንፋስ መውጫ